ለሕዋሳት የተሠራ ወንፊት

ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሕዋሳት፣ በሊቃውንት አጠራር «ደሴቶች»፣ የጠፉበት ሰው ኑሮው በመርፌ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. በካናዳ አገር፣ በኤድመንተን ከተማ፣ 7 ሕመምተኞች ከሟች ሰዎች የተወሰዱ ደሴቶች በጉበታቸው ተተክለውላቸው ከኢንሱሊን መርፌ እንዳረፉ ተገለጠ። ዳሩ ግን ሰውነታቸው እንግዳውን ሕዋስ እንዳያጠፋው መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት ዘወትር መውሰድ ግድ ሆነባቸው፤ ይህም አንዱን ዕዳ በሌላ ዕዳ መክፈል ይመስለናል።

ከዚህ 20 ዓመት አስቀድሞ ሊምና ሰን የተባሉ ሊቃውንት ደሴቶቹን ከባሕር አረም በሚገኝ አልጂኔት በሚባል ነገር ጠቅልለው በስኳር በሽታ በተያዙ አይጦች ላይ ሞክረው ነበር። ጥቅሉ እንደ ወንፊት ነው፤ ስኳርና ኢንሱሊን ያልፉበታል፣ አጥቂ ሕዋሳት ግን አይገቡበትም። ብልሃቱ ያማረ ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ ሰውነት ጥቅሉን ራሱን በጠባሳ ከብቦ በውስጡ ያሉትን ሕዋሳት ኦክሲጅን ያሳጣቸዋል። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የሚደክሙት ጠባሳ የማያስነሣ መጠቅለያ ለማግኘት ነው።