«ምን ጎደላቸው?» ለሚሉ

ሰው ጦሙን ሲያድር ጎረቤት ያፍራል፤ ሰው ብቻውን ሲያድር ግን የሚያፍር የለም። እንዲያውም በገጠር የራሱ ቤት፥ የራሱ እህል፥ ልጆቹ የሚልኩለት ገንዘብ ያለው ሽማግሌ ሲነሣ «ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ ምን ጎደላቸው?» ይባላል። እኔ ይህን አነጋገር ሐሰት ነው እላለሁ፤ ሐሰትም ብቻ ሳይሆን ከግዴታ ማምለጫ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በምኖርበት መንደር አንዲት የሰባ አምስት ዓመት ባልቴት ነበሩ። መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተው፥ ልጆቻቸው ከቤይሩትና ከአዲስ አበባ እየላኩላቸው፥ ማንንም ሳይለምኑ ይኖሩ ነበር። በመጀመሪያ ከገበያ ቀሩ፤ ቀጥሎ ከማኅበር፤ በመጨረሻም ለቅሶ መድረስ ተዉ። የዕድራቸውን ክፍያ ከነመቀጫው በሕፃን እጅ ይልኩ ነበር። ሰዉም «ኮሩ» አላቸው። እኔም በደጃቸው ስመላለስ ጢሱ ሲወጣ አይቼ «ደኅና ናቸው» ብዬ አልፍ ነበር።

አንድ ቀን ዝናብ ቢይዘኝ ለመጠለል ገባሁ። በድምፄ እስኪለዩኝ ድረስ ማን እንደሆንሁ አላወቁም። ለካስ የዓይን ሞራ ኖሯል! መንገዱ አልታይ ቢላቸው፥ ምሩኝ ለማለትም አፍረው፥ ሦስት ክረምት በቤት ተቀምጠዋል። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው ከዓይነ ስውራኖቻችን ግማሽ የሚያህሉት በዚሁ በሞራ የታወሩ ናቸው፤ ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነው። ገንዘቡም ነበራቸው። የጎደላቸው ቡና ሊጠጣ ገብቶ ሲኒውን ሲዳብሱ የሚያይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው አንዱ ዓይናቸው በራ፤ ሁለተኛው ግን ስለ ዘገየ አልዳነም። የዚያ ዓይን ዕዳ ከእኔም ራስ አይወርድም።

«ከቤት መዋልን የመረጡት እርሳቸው ናቸው» የሚል ይኖራል። በአገራችን ልማድ ግን የሰው ቡና የጠጣ በተራው አፍልቶ ይጠራል። ስለዚህ ውኃ መቅዳት፥ እንጨት መፍለጥ ያቃተው ሰው «የማልመልሰውን ለምን እጠጣለሁ?» ብሎ ደጁን ይዘጋል። ይህ ይሉኝታ ነው እንጂ ኩራት አይደለም፤ ምርጫም አይደለም።

«ልጆቻቸው ይልኩላቸው የለምን?» የሚልም አለ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ገንዘብ ወዲያው ይደርሳል፤ መልካም ነው። ዳሩ ግን ገንዘብ ጨው ይገዛል እንጂ ቁጭ ብሎ አያጫውትም። እንግሊዞች በ2010 ዓ.ም.፥ ጃፓኖችም በ2013 ዓ.ም. የብቸኝነትን ጉዳይ የሚመለከት ሚኒስትር እስከ መሾም ደረሱ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በዓለም ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚቸገር፥ ይህም ዕድሜን እንደሚያሳጥር አስታውቋል። እኛ ሚኒስትር አያስፈልገንም፤ ዕድር አለን። ነገር ግን ዕድራችን ሙታንን እየቆጠረ ሕያዋንን ይረሳል። ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ ሦስት ቀን የሚቀመጥ መንደር፥ ሰውዬው በሕይወት ሳለ ግማሽ ሰዓት ሊቀመጥለት አይችልምን? ከለቅሶ የሚቀር አባል ሲኖር የዕድሩ ዳኛ መቀጫውን ከማስጻፉ በፊት ሰው ልኮ «ምን ሆነው ቀሩ?» ብሎ ያስጠይቅ።

ወጣቶች ሆይ፥ ወደ እንዲህ ያለው ቤት ስትሄዱ ስጦታ ብቻ ሳይሆን ጉዳይም ይዛችሁ ሂዱ። ወንፊት ተዋሱ፤ ምክር ጠይቁ፤ ከባልንጀራችሁ የተጣላችሁ እንደሆነ «አስታርቁን» በሉ። የሚፈለግ ሰው ይወጣል፤ የሚመጸወት ሰው ግን ይደበቃል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሲባል ሰምታችኋል፤ በሩን የማያንኳኳ ጎረቤት ግን ከሩቁም ዘመድ የራቀ ነው። በመንደራችሁ ጢሱ እንጂ ሰዉ የማይታይበት ቤት ካለ፥ እንደ እኔ ዝናብ እስኪይዛችሁ አትጠብቁ።