«ኡስታዝ፣ መስጂድ ውስጥ ማደር ይቻላል?»



ባለፈው ሰሞን ከዒሻእ ሶላት በኋላ መስጂዱን ልንዘጋ ስንል አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ «ኡስታዝ፣ መስጂድ ውስጥ ማደር ይቻላል?» ሲል ጠየቀን። እኛም የመድረሳ ልጆች ነንና ጥያቄውን ደስ ብሎን ተቀበልነው። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ሳያገቡ በፊት በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ያድሩ እንደነበር ነገርነው። መጠለያ ያልነበራቸው አህለ ሱፋ ኑሯቸውም ትምህርታቸውም እዚያው መስጂዱ ውስጥ እንደነበር፣ ዑለማዎች በጉዳዩ ላይ ምን ምን እንዳሉ አንድ በአንድ ዘረዘርንለት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማን። «ጀዛከላሁ ኸይር» ብሎ ጫማውን አንስቶ ወጣ።

ነገሩ የገባን በሩን ከቆለፍን በኋላ ነው። ልጁ ከወንጂ አዳማ እየተመላለሰ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚማር ነው። የፊቅህ ጥያቄ አልነበረም የጠየቀን። መመለሻ አጥቶ ነበር።

ሮጠን ስንደርስበት አስፋልቱን ይዞ በእግሩ ጀምሮታል። አሳፍረን ከመላካችን በፊት ሲያጫውተን፣ በሳምንት ከአምስቱ ቀን ሦስቱን ብቻ እንደሚማር ነገረን። የቀሩትን ሁለት ቀናት ለአስተማሪዎቹ «አሞኝ ነበር» ይላቸዋል። እቤት ደግሞ «ዛሬ ክላስ የለም» ይላል። አስራ ስምንት ዓመቱ ነው። የሚዋሸው ለታሪፍ ብሎ ነው።

ወላሂ አፈርን። ይህን የምንጽፈውም ለዚያ ነው። «የኮሌጅ ወጪ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው የመመዝገቢያውንና የትምህርት ክፍያውን ነው። ልጆቻችንን ከትምህርት እያስቀረ ያለው ግን ብዙ ጊዜ የመንገዱ ወጪ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይቆጥርላቸውም።

እስኪ አብረን እናስብ። በ2017 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 ከመቶ ብቻ ናቸው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 ከመቶ ነበሩ። ጥቂቶች በሪሚዲያል ያልፋሉ። ብዙው ልጅ ግን ዕድሉን የሚሞክረው በቴክኒክና ሙያ ወይም በግል ኮሌጅ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባው በአብዛኛው መኝታና ምግብ ያገኛል፤ በወጪ መጋራት ሥርዓቱም ድርሻውን የሚከፍለው ኋላ ሥራ ሲይዝ ነው። ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማረው ልጅ ግን እንዲህ ያለ ፋታ የለውም። የታክሲ ዕዳ «ስመረቅ እከፍላለሁ» አይባልም። በየማለዳው በጥሬ ገንዘብ ነው የሚከፈለው።

ለሒሳብ ያህል አንድ ልጅ ከቤቱ እስከ መናኸሪያ በባጃጅ፣ ከዚያ እስከ ኮሌጁ በሚኒባስ ይሂድ እንበል። ሲመለስም እንደዚያው፤ በቀን አራት ጊዜ መሳፈር ነው። አንዱን በአማካይ 20 ብር ብንይዘው በቀን 80፣ በሳምንት 400፣ በወር 1,600 ብር ይሆናል። ምሳ፣ ኮፒና የሞባይል ካርድ አልገቡበትም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ነው። ስለዚህ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያገኝ አባት ግብር ሳይቆረጥበት እንኳ ከሩብ በላዩ ለአንድ ልጅ መንገድ ይሄድበታል። ሁለተኛዋ ልጅ ኮሌጅ ስትገባስ? አባትየው የቀን ሠራተኛ ከሆነስ?

ጥፋቱን ሁሉ በሾፌሩና በረዳቱ ላይ መደፍደፍም ፍትሕ አይደለም። በግንቦት 2014 ዓ.ም አንድ ሊትር ቤንዚን ከ40 ብር በታች ነበር። የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ ተነሳ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በ2017 ዓ.ም ሊትሩ ከ100 ብር አለፈ። ጎማውም መለዋወጫውም ከውጭ ነው የሚመጣው። ይህን እንረዳለን። ሲመሽ ከታሪፍ በላይ የሚጠይቀውንና መንገዱን ቆርጦ እየጫነ ሁለት ጊዜ የሚያስከፍለውን ግን «አላህን ፍራ» እንለዋለን። የተማሪ ኪስ ላይ የሚጨመር አሥር ብር የነገ ክላስ ነው።

በዚህ ሁሉ ቀድማ የምትቀረው ሴቷ ልጅ ናት። ለወንዱ «በእግርህ ና»፣ «አይሱዙ ለምነህ ተሳፈር» ይባላል፤ እሱም ራሱ አደጋ አለው። እሷ ግን አመሻሽ ላይ ሰልፍ ይዛ ትንሽ ከዘገየች ቤቱ ይረበሻል። ስለዚህ ብር ሲያጥር ቅድሚያ የሚቆረጠው የእሷ ነው። ማንም «ገንዘብ አጣን» አይልም፤ «መንገዱ ይመሻል» ተብሎ ትቀመጣለች። ከዓመት በኋላ «ትምህርቱን ተወችው» ይባላል። አልተወችውም፤ መንገዱ ነው ያስቀራት።

አያቶቻችን ደረሳን እንዴት ይይዙት እንደነበር እናስታውስ። ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከሐረርጌ፣ ከወሎ ኪታብ ለመቅራት አገር አቋርጦ የሄደን ልጅ የመንደሩ ሰው ያበላው፣ ማደሪያ ይሰጠው ነበር። ራሱ ሳይጠግብ ለደረሳ የሚያካፍል ሰው ነበር። ካይሮ ላይ በአል-አዝሃር ከኛ አካባቢ የሚሄዱ ተማሪዎች ሪዋቅ አል-ጀበርቲ የሚባል የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። ዕውቀት ፈልጎ የወጣን ልጅ ብቻውን አለመተው የቆየ ልማዳችን ነው።

«ያ የዲን ዕውቀት ነው፣ ይሄ የዱንያ» የሚል ወንድም አይጠፋም። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ኪታባቸው ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል። የመስጂዳችንን መብራት የሚዘረጋው ኤሌክትሪሽያን፣ እናቶቻችንን የምታዋልደው ነርስ ከየት ይመጣሉ?

ታዲያ ምን እናድርግ? ከአቅማችን በላይ ያልሆነውን እንጠቁም።

ወላጆች ሆይ! ልጁን ከማስመዝገባችሁ በፊት የመንገዱን ወጪ በወር አስሉት፤ የትብብር ሥልጠናው የሚሰጥበት ድርጅት የት እንደሆነም ጠይቁ። ራቅ ካለው ታዋቂ ኮሌጅ ይልቅ በእግር የሚደረስበትና ዕውቅና ያለው ሊሻል ይችላል። ሦስት አራት ሆነው በጋራ የሚከራዩት ክፍል ከምልልሱ የሚረክስበት ጊዜም አለ።

የጀመዓ ኃላፊዎች ሆይ! በየመስጂዱ ትንሽ «የተማሪ መንገድ» ፈንድ እንጀምር። ሃያ ሰው በወር 400 ብር ቢያዋጣ 8,000 ብር ነው፤ በላይኛው ስሌት አምስት ልጆችን ያመላልሳል። ገንዘቡ በየሳምንቱ በቴሌብር በቀጥታ ለልጁ ይድረስ። ሒሳቡ በሦስት ሰው እጅ ይሁን፤ ገቢና ወጪው ለጀመዓው ይነገር። የልጆቹ ስምና ፎቶ ግን አይውጣ። ዘካን በተመለከተ ኢብኑ ሰቢል የሚለውን ክፍል አንለጥጠው፤ በየቀኑ ቤቱ የሚገባ ተማሪ መንገደኛ አይባልም። ድሃ ወይም ምስኪን ከሆነ ግን በዚያ በኩል ይገባዋል፤ ዝርዝሩን የአካባቢያችሁን ዑለማ ጠይቁ።

ባጃጅና ሚኒባስ ያላችሁ ወንድሞች ሆይ! ሰውን በመጓጓዣው ላይ እንዲወጣ ማገዝ ሰደቃ እንደሆነ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን ሐዲስ ታውቁታላችሁ። ጠዋት አንድ ወንበር ለአንድ ተማሪ መተው ማንንም አያከስርም። ተማሪዋን ሳይመሽ ቤቷ ማድረስ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

የከተማ አስተዳደሮቻችንንም በአግባቡ እንጠይቅ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛ በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ወደ ሥራው ይመላለሳል። አዳማ፣ ሞጆ፣ ባቱና ሻሸመኔ ለተማሪ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ አውቶቡስ ቢመድቡ ምን ያህል ልጅ እንደሚተርፍ ያዩታል።

አንተ ወንድማችን፣ አንቺም እህታችን፤ ታሪፍ ማጣት ነውር አይደለም። «አሞኝ ነበር» ከማለት ለአንድ የምታምኑት ሰው እውነቱን ንገሩ። ኮሌጃችሁ ውስጥ የሚሰማ አስተማሪ አይጠፋም። ሲመሽባችሁ ብቻችሁን የማታውቁት መኪና ላይ አትውጡ። አብሽሩ።

ልጁን በተመለከተ አልሐምዱሊላህ የዚህ ወር መንገዱ ተሸፍኗል። የሚቀጥለው ወር ገና ነው። መስጂድ ውስጥ ማደር ይቻል እንደሆነ የሚጠይቅ ሌላ ልጅ ከመጣ ግን፣ ኢንሻአላህ ከመልሱ በፊት «እራት በልተሃል? መመለሻ አለህ?» ብለን እንጠይቀዋለን። እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

አላህ መንገዳቸውን ያግራላቸው። ወላሁ አዕለም።