«እነሱ ወድቀው ይነሱ የለ?»

በጎጆ ከተማ የምትኖር አንዲት ሠራተኛ እናት ከሥራ ስትመለስ የ5 ዓመት ልጇ ክንዱን ይዞ ሲያለቅስ አገኘችው። የ9 ዓመቱ ታላቁ ከአልጋ ላይ ዘሎ ወድቆበት ኖሯል። ብትቆጣው፣ «እማዬ፣ በቴሌቪዥን እነሱ ወድቀው ይነሱ የለ?» ሲል መለሰላት። ልጁ ክፋት አላሰበም፤ ያየውን አምኖ ነው።

በጎጆም ሆነ በግንጪና በአምቦ ሬስሊንግ የተባለውን የትግል ትርዒት በሳተላይት ቴሌቪዥን የሚከታተሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ያንኑ ትግል በፕሌይስቴሽን ቤት ሒሳብ እየከፈሉ ይጫወቱታል። ከዚያም «ጆን ሲና ይበልጣል»፣ «የለም፣ አንደርቴከርን የሚያህል የለም» የሚለው ክርክር እስከ ትምህርት ቤት ደጃፍ ይዘልቃል። ከፍ ያሉት ደጋፊዎች «አሸናፊው አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ እኛ የምንወደው ችሎታቸውን ነው» ይላሉ። ትንንሾቹ ግን «ሁሉም እውነት ነው» ብለው ይሟገታሉ።

ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል። ዛሬ ደብሊው ደብሊው ኢ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. በአሜሪካ ለኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት፣ ትርዒቱ መዝናኛ እንጂ እውነተኛ ውድድር አለመሆኑን አስታውቋል። ሆኖም ውድቀቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ኦወን ሃርት የተባለው ታጋይ በካንሳስ ሲቲ ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ሲወርድ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል። ታጋዮቹ አወዳደቅን ለረዥም ጊዜ ይማራሉ፤ ጣዩ የወዳቂውን ራስና አንገት ይጠብቃል፤ መድረኩም ፍራሽ ነገር የተነጠፈበት ነው። የእኛ ቤት ወለል ግን ሲሚንቶ ነው፤ ታናሽ ወንድምም አወዳደቅ አልተማረም።

በፕሌይስቴሽን ደግሞ የወደቀው ሰው ቁልፍ ሲጫኑለት ይነሳል። በአሜሪካ አብዛኞቹ የዚህ ትግል ጨዋታዎች ከ13 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች ተብለው የተመደቡ ናቸው። ጨዋታ ቤት ሲገባ የልጁን ዕድሜ የሚጠይቅ ግን ስንቱ ነው?

እናቶች ሆይ፣ ዱላና ክልከላ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ልጁ ተደብቆ መሄድን ይማራልና። ይልቁንም አንድ ቀን አብራችሁት ተቀመጡና «ሲጥለው አንገቱን እንዴት እንደያዘለት አየህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አባቶች ደግሞ በልጅነታቸው መስክ ላይ ይገጥሙት የነበረውን ትግያ ያውጉት፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፣ በወደቀ ላይም አይዘለልም። ወደ ጨዋታ ቤት የሚሄድበት ቀን፣ ሰዓትና ገንዘብ በስምምነት ይወሰን፤ የቤቱንም ባለቤት ተዋወቁ። ለሕፃናት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት መቀመጥ የለባቸውም።

የጎጆዋ እናት ይህንኑ አደረገች። የትንሹ ክንድ በወጌሻ ሳይሆን በጤና ጣቢያ ታክሞ ድኗል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱም አብረው ያያሉ፤ «ተመልከት፣ ራሱን ያዘለት!» እያለ ለታናሹ የሚያስረዳውም ያው ታላቁ ልጅ ነው።