የእኅቴ ስም በቅጹ ላይ

እኔ መቱ ከተማ በባንክ መስኮት የምቀመጥ ሠራተኛ ነኝ። ከጅዳ፣ ከቤይሩት፣ ከዋሽንግተን የተላከ ገንዘብ ለእናቶች እቆጥራለሁ። «ማን ላከልዎት፣ እናቴ?» ስላቸው «ልጄ!» ይላሉ፤ ፊታቸው ይበራል። ባንኩ ይደሰታል፤ መንግሥትም የውጭ ምንዛሪ አገኘሁ ይላል። በዚህ መስኮት ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ሰው የተባረከ ነው።

ይኸው ዘመድ ሌላ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ግን ነውር ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ምስጢር ለሚያዝበት አንድ የሥራ መደብ ተወዳድሬ ፈተናውን አለፍሁ። ቀጥሎ የተሰጠኝ ቅጽ በውጭ አገር የሚኖር የቅርብ ዘመድ እንዳለኝ ይጠይቅ ነበር። አልዋሸሁም፤ ያን ጊዜ ኻርቱም በትዳር ትኖር የነበረችውን የታላቅ እኅቴን ስም ጻፍሁ። ደጅ ስጠና ከርሜ «ማጣሪያውን አላለፍህም» ተባልሁ። ምክንያቱ እኅቴ ትሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ሙግቴም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

ለመሆኑ የኢሉባቦር ሰው ከሱዳን ጋር ቢዛመድ ምን ይደንቃል? የጎሬ ቡና ጋምቤላ ወርዶ፣ በባሮ ወንዝ በመርከብ ተጭኖ ኻርቱም ሲገባ የኖረ ነው። ገበያ ባለበት ትዳርም አለ።

መንግሥት ምስጢሩን መጠበቅ እንዳለበት አልክድም። ባዕድ ኃይል በዘመድ በኩል ሰውን ሊያስፈራራ ወይም ሊደልል ይችላል። ነገር ግን ዝምድና የጥያቄ መነሻ እንጂ ፍርድ ሊሆን አይገባም። በአሜሪካ መመሪያ እንኳ የዘመድየው አገር፣ የግንኙነቱ ቅርበትና ሊያመጣ የሚችለው ጫና ይመዘናል፤ የተከለከለው ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ያገኛል፤ መልስም ይሰጥበታል። የእኛው አዋጅ ቁጥር 270/1994ም ትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ በቋሚነት እንዳይቀጠሩ ሲከለክል፣ የከለከለው ዜግነቱን የለወጠውን ሰው ራሱን ነው፤ አገሩ የቀረውን ወንድሙን አይደለም።

ዝምድና ፍርድ ሲሆን የሚመጣውን አይተናል። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ከፈነዳ በኋላ ወደ ኤርትራ የተባረሩት ሰዎች 75 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሣ ኮሚሽን ታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ በጦርነት ጊዜ ለደኅንነት ሲባል አንድ በአንድ ተጣርተው የተባረሩትን በተመለከተ ኢትዮጵያ ሕግ አልጣሰችም አለ። የአካባቢ ባለ ሥልጣናት ያለ በቂ ምክንያት ሰዎችን ማባረራቸውን፣ አገር ውስጥ የቀሩትንም ዜግነት በዘፈቀደ መግፈፍን ግን ሕገ ወጥ ሲል ኮነነ። ኤርትራም በኢትዮጵያውያን ላይ ለፈጸመችው በደል ተጠያቂ ከመሆን አልዳነችም። ልብ በሉ፤ ልዩነቱ ሰውን በመመርመርና ዘሩን በመቁጠር መካከል ነው።

የምጠይቀው ሹመት አይደለም። ከልካዩ ምክንያቱን ይጻፍ፤ የተከለከለውም መልስ ይስጥ። አለዚያ ነገ ቅጹን የሚሞላው ወጣት የእናቱን ልጅ ስም መደበቅ ይማራል። ያን ጊዜ ምስጢር ጠባቂ መሥሪያ ቤቶቻችን በውሸታሞች ይሞላሉ፤ እውነት የጻፈው በር ላይ ይቀራል።

እኅቴ ወንዝ ተሻግራ ጎጆዋን ብትቀልስ፣
የእኔ ታማኝነት ስለ ምን ይፍረስ?
ዳኛ ሆይ፣ መዝንልኝ እጆቼ የሠሩትን፣
ዘመድ ቆጥረህ አትጻፍ ዕዳ ያልበላሁትን።