መጀመሪያ መልበሻ ክፍሉን አሳዩን!

መቼም የክለቦቻችንን ሕልም በሥዕል ማየት ለምደናል። «አዲስ የልምምድ ማዕከልና ስታዲየም ልንገነባ ነው» ሲባል መጀመሪያ የሚወጣው በኮምፒውተር የተሠራ የሚያብረቀርቅ ሥዕል ነው። ቀጥሎ የመሠረት ድንጋይ፣ መጋረጃ፣ ጭብጨባ። ከዚያ ዝምታ...

እኛ የምንለው አጭር ነው። ለክለብ የሚቀድመው የልምምድ ሜዳና ትንሽ ግን ደረጃውን የጠበቀ ስታዲየም ነው። 60 ሺህ ሰው የሚይዘው ይቆየን።

«ትልቅ ማለም አታውቁም» የሚሉን አይጠፉም። እስቲ ታሪኩን እንየው።

በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን አነሳን። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን እንደገና 2 ለ 0 ረታን፤ ያውም «በሜዳችን»! ሜዳችን የት ነበር? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። በአገር ቤት ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም ስላልነበረ የዳዋ ሆቴሳንና የሽመልስ በቀለን ጎሎች በቴሌቪዥን ጨፈርንባቸው።

መስከረም 2016 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ተራ ደረሰ። በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከአል አህሊ ጋር የነበረው የደርሶ መልስ ጨዋታ ሁለቱም ካይሮ ላይ ተካሄደ። ጊዮርጊስ ባለሜዳ የሆነበትም ጭምር! በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ክለብ እንግዳውን በእንግዳው ቤት ተቀበለ። ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ካፍን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ የተጫወቱበት ክለብ መሆኑን ስናስታውስ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያማል።

ታዲያ ይህ ሁሉ የደረሰብን ኮንክሪት አጥሮን ነው? አይደለም። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሄዶ ያየ ያውቃል። ካፍ የሚፈትሸው የተመልካቹን ብዛት ብቻ አይደለም። ሣሩን ያያል፣ ፓውዛውን ያያል፣ መልበሻ ክፍሉን፣ ሻወሩን፣ የሕክምና ክፍሉን፣ የተናጠል ወንበሩን ያያል። እነዚህ በመሠረት ድንጋይ ቀን ፎቶ የማይነሱ ነገሮች ናቸው። እኛን የጣሉን ግን እነሱ ናቸው። ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ታስቦ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየምም ቢሆን በ2014ም በ2016ም አልደረሰልንም።

ወደ ጎረቤት እንሻገር። የታንዛኒያው አዛም ክለብ ዳሬሰላም ዳርቻ፣ ቻማዚ ላይ የራሱን ስታዲየም ሠራ። ስንት ሰው ይይዛል? 10 ሺህ ገደማ። ግን የራሱ ነው፣ የካፍ የክለቦች ጨዋታዎችም ተካሂደውበታል። ማንም በትንሽነቱ አልሳቀበትም።

«ስታዲየም ገቢ ያመጣል» ይሉናል። ከየትኛው ጨዋታ? ፕሪሚየር ሊጋችን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነው የተካሄደው። ክለቡ ሌላ ከተማ ሆቴል ይዞ ሲከርም ያ ሁሉ ወንበር ለማን ትኬት ይሸጣል? ለርግቦች?

የልምምድ ሜዳ ግን በየቀኑ ይሠራል። አንድ መደበኛ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፣ ማለትም 7,140 ካሬ ሜትር። ዋናው ቡድን ጠዋት፣ የሴቶቹ ቡድን ከሰዓት፣ ታዳጊዎቹ ማታ ከረገጡት የተፈጥሮ ሣር አይችልም፤ ወር ሳይሞላው አቧራ ይሆናል። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ሜዳ ያስፈልጋል። ከሥሩ የውሃ ማፋሰሻ፣ ለበጋው የጉድጓድ ውሃ፣ ሣሩን የሚንከባከብ ደመወዝተኛ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከግዙፍ ስታዲየም ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የሚያፈራው ግን ተጫዋች ነው። ክለብ ደግሞ ተጫዋች ሸጦ ያድራል እንጂ ጣሪያ ሸጦ አያድርም።

ስለዚህ የክለብ አመራሮች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሥዕል ይዛችሁ ስትመጡ ሦስት ነገር እንጠይቃችኋለን። የመሬቱ ካርታ በማን ስም ነው? ከምረቃው ማግስት ለጥገና በየዓመቱ የሚመደበው ገንዘብ ከየት ይመጣል? የ15 ዓመቱ ልጅ የመጀመሪያ ልምምዱን የሚጀምረው በየትኛው ወር ነው?

ጋዜጠኛውም ሪባኑን ብቻ ቀርጾ አይመለስ፤ እነዚህኑ ይጠይቅ። ደጋፊውም ለማሊያና ለመዋጮ ኪሱን ከመክፈቱ በፊት መልሱን ይስማ።

መልስ ያለው ክለብ የመሠረት ድንጋይ አያስፈልገውም፣ ሣር ይትከል። መልስ የሌለው ደግሞ ድንጋዩን ይተውልን። ድንጋይ ሞልቶናል።