የፊት ፍሬንና የቤት ዕቁብ

ስለ ሞተር ብስክሌት ፍሬን መነጋገር የነጂውና የመካኒኩ ሥራ ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ነጂው የሚሠራው ለቤቱ ነው፤ ቢጎዳም የሚጎዳው ቤቱ ነው። ስለሆነም ፍሬኑ የቤት እመቤቷንም ይመለከታል።

ከኮልፌ ቀራንዮ፣ ከቤቴል አካባቢ አንዲት እናት ያቀረቡልን ጥያቄ ይህንኑ ያስታውሰናል። ባለቤታቸው በፈቃድ ዕቃ የሚያደርሱበት ሞተር ብስክሌት ከአባታቸው የወረሱት፣ ከ40 ዓመት በላይ ያገለገለ የጃፓን ሥሪት ነው። አሁን የዕቁብ ተራቸው ደርሷል። ባልየው የፊቱን እግር ከነቸርኬው አስለውጬ ዲስክ ፍሬን አስገባለሁ ይላሉ። እናቲቱ ደግሞ፣ ዕቁቡ የታሰበው ለልጆች የትምህርት ቤት ወጪ ነበርና፣ «ይህን ያህል ዘመን ያቆመ ፍሬን ዛሬ ምን አገኘው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ለሁለቱም ወገን እውነት አላቸው። እንዴት እንደሆነ እንመልከት።

ሞተር ብስክሌት ፍሬን ሲያዝ የነጂውና የጭነቱ ክብደት ወደፊት ይጫናል። በዚህ ጊዜ የኋላው ጎማ ይቀልና ቶሎ ይንሸራተታል፤ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር፣ ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት 8 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዚያም ደህና ፍሬን ካለው በደረቅ አስፋልት 5 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ፍጥነቱ 60 ሲሆን ግን የማሰቢያው ርቀት 17 ሜትር፣ የማቆሚያው 20 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የማቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በአየር ጤና ወይም በጦር ኃይሎች መንገድ ታክሲ ተሳፋሪ ለማንሣት ድንገት ሲቆም፣ ወይም ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ሲሮጥ፣ ሁለትና ሦስት ሜትር የሰው ነፍስ ዋጋ ነው።

የድሮዎቹ ሞተሮች የፊት ፍሬን በአብዛኛው የታምቡር ፍሬን ነው። በእግሩ መካከል ባለው ታምቡር ውስጥ ሸራ የለበሱ፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሁለት ብረቶች አሉ። ነጂው መያዣውን ሲስብ ገመዱ ይጎትታቸውና ሸራው ታምቡሩን ከውስጥ ይፈትገዋል። ይህ ሥራ ሙቀት ይፈጥራል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ ሲግል የፍሬኑ ኃይል ይደክማል፤ በክረምት ውኃ ሲገባበትም እስኪደርቅ ድረስ ይሰንፋል። ዲስክ ፍሬን ግን ገላጣ በመሆኑ ነፋስ ያበርደዋል፣ ውኃውም ቶሎ ይራገፍለታል። ሆንዳ ሲቢ 750 የተባለውን ሞተር በ1969 እ.ኤ.አ. በዘይት ግፊት ከሚሠራ የፊት ዲስክ ፍሬን ጋር ለገበያ ካቀረበ በኋላ ሌሎችም ፋብሪካዎች መንገዱን ተከትለዋል። እንግዲህ የባልየው ምኞት ከንቱ አይደለም።

ነገር ግን ዲስክ ስለገባ ብቻ ሞተሩ ደህና ይቆማል ማለት አይደለም። ታምቡሩ ከእግሩ ጋር አንድ ስለሆነ ዲስክ ለማስገባት እግሩ ራሱ መለወጥ አለበት። አዲሱ እግር የሚያልፍበት ዘንግ ውፍረት፣ የኩሽኔታው ልክ፣ በሹካው መካከል የሚቀመጥበት ቦታ፣ ከኋላው ጎማ ጋር በአንድ መሥመር መሆኑ፣ ሁሉም መገጣጠም ይኖርበታል። መሪው ላይ የሚታሰረው የዘይት መግፊያም ዲስኩን ከሚነክሰው ክፍል ጋር ካልተመጣጠነ መያዣው ወይ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ወይ መሪውን እስኪነካ ይሰምጣል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው በድሮው ሹካ ላይ ማሰሪያ በብየዳ መለጠፍ ነው። የብየዳው ሙቀት ብረቱን ሊያደክመው ስለሚችል በአስጨናቂው ሰዓት ሊነቀል ይችላል። በመሆኑም ዲስክ የሚገባ ከሆነ ሹካው፣ እግሩ፣ ዲስኩና የዘይት መግፊያው በአንድነት ከአንድ ዓይነት ሞተር ቢወሰዱ ይመረጣል።

ስለዚህ ለእኅታችን የምንመክረው፣ ዕቁቡ ከመነካቱ በፊት ያለው ፍሬን በሚገባ እንዲመረመር ነው። መካኒኩን የሚከተሉትን መጠየቅ ይቻላል። የታምቡሩ ስፋት ተለክቷልን? ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ልክ በታምቡሩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ከዚያ ካለፈ መጣል አለበት። ክብነቱን ካጣ ግን ልኩን ሳያልፍ በቶርኖ ሊስተካከል ይችላል። ሸራው አዲስ ነውን? ዘይትስ አልነካውም? ገመዱ አልተበጣጠሰም? የቸርኬው ሽቦዎች እኩል ተወጥረዋልን? በትንሽ ብረት ሲነኩ ተቀራራቢ ድምፅ ሊሰጡ ይገባል፤ የላላው ድምፁ የታፈነ ነው። ጎማውስ መቼ ተሠራ? በጎኑ ላይ ከሚገኙት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ 4 ይህን ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖርም የደረቀና የተሰነጠቀ ጎማ መንገድ አይዝም፤ ጎማው ካልያዘ ደግሞ የትኛውም ፍሬን አያድንም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ታምቡሩ ልኩን ካላለፈ፣ በጥንቃቄ ለሚነዳ ሰው የድሮው ፍሬን ያገለግላል፤ የዲስኩ ጉዳይ ለሚቀጥለው ዕቁብ ሊቆይ ይችላል። ታምቡሩ ካለቀ ግን ክርክር አያስፈልግም። ቀለሙ፣ የሚያብረቀርቀው ጌጥና አዲሱ ወንበር ይቆዩ፤ ፍሬኑ ይቅደም። በሥሪቱ ላይ ለውጥ ሲደረግም ሞተሩን ለመዘገበው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ማሳወቅ በኋላ ከሚመጣ ጣጣ ያድናል። በሰኔ ወር 2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር የሞተር ብስክሌትን እንቅስቃሴ በገደበ ጊዜ፣ ሰነድ የተሟላለት መሆን ምን ያህል እንደሚጠቅም የሞተር ባለቤቶች ተረድተውታል።

በግቢ ውስጥ ስለሚሠራው ሥራም ለእናቶች ልናሳስብ የምንወደው ነገር አለ። የድሮ የፍሬን ሸራ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ የተባለ ማዕድን አለበት። ትቢያው በትንፋሽ ሲገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሳንባ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ታምቡሩ ሲከፈት ልጆች ይራቁ፤ ትቢያው በአፍም ሆነ በነፋስ መንፊያ አይነፋ፣ በመጥረጊያም አይጠረግ። በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ በፌስታል ታስሮ ይጣል። የሥራው ልብስም ከሕፃናት ልብስ ጋር አይታጠብ። ለዲስክ የሚውለው የፍሬን ዘይት ደግሞ መርዝ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ከተቀመጠ ሕፃን ውኃ ወይም ለስላሳ መስሎት ሊጠጣው ይችላልና በራሱ ዕቃ ተዘግቶ፣ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ሥራው ካለቀ በኋላም ነጂው በዚያው ዕለት ጭነት ይዞ ቁልቁለት ባይወርድ መልካም ነው። አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ ጥቂት ቀናት በሜዳማ መንገድ፣ በዝግታ፣ ደጋግሞ በለስላሳው በመያዝ መለማመድ ያሻዋል። ያ ጊዜ ጥቂት ገቢ ያሳጣ ይሆናል። እናቲቱ በዚህ ረገድ ሊያግዙ የሚችሉት፣ «ዛሬ ለምን አልሠራህም?» ባለማለት ነው።

ውድ እኅታችን፣ ለትምህርት ቤት የታሰበውን ገንዘብ ለጌጥ አለመስጠትዎ ትክክል ነው። ለፍሬን ግን አይንፈጉ። ደብተር የሚገዛው አባት ማታ በሰላም ቤቱ ሲገባ ነውና። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ብሂል ለእንዲህ ያለው ቀን የተነገረ ነው። ባልና ሚስት አብረው ጋራዥ ሄደው፣ ታምቡሩ ሲለካ በዓይናቸው አይተው፣ በዚያው ቢወስኑ ዕቁቡም ቤቱም አይጎዳም።