ሰቆጣ በነሐሴ ወይስ በጥር?

የዛሬዋ ጠያቂዬ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ወጣት ናት። እጮኛዋ የሰቆጣ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከከተማው ወጣ ብሎ ገጠር ይኖራሉ። «ሻደይን በቴሌቪዥን አይቼ ልቤ ጠፍቷል። ነሐሴ ውሰደኝ ስለው ግን ፊቱ ይለዋወጥና 'ጥር ይሻላል' ይለኛል። ጥር ላይ ደግሞ መሥሪያ ቤቴ ፈቃድ አይሰጠኝም። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አገር ቤት ሚስት ይኖረው ይሆን?» ትላለች።

እህቴ፣ የሰው ልብ ጓዳ ነው፤ ሚስት የለውም ብዬ አልፈርምልሽም። ግን ዋግን በነሐሴም በጥርም ስላየሁት አንድ ነገር ልንገርሽ።

ነሐሴ ላይ ዋግ ያሳብዳል! ዓመቱን ሙሉ ድንጋይ ብቻ የሚመስለው ተራራ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ከገደሉ ሥር ሲነሳ ቆመሽ ትቀሪያለሽ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ደግሞ ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ የሻደዩን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ይወጣሉ። አንቺ ያየሽው ይህንን ነው። ቴሌቪዥኑ የማያሳይሽ ጎተራውን ነው። ያምናው እህል የሚያልቀው፣ የዘንድሮው ገና ቡቃያ የሆነው በዚሁ ሰሞን ነው። አገሩ ሲያምር ጓዳው ይራቆታል ማለት ነው።

ክረምቱም አጭር ነው፤ ሰኔ መጨረሻ ገብቶ መስከረም ሲጠባ ውልቅ ይላል። አንዳንዴ ጭራሹን ይቀራል። የ1977ቱን ድርቅ ወላጆችሽን ጠይቂያቸው። በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ሰቆጣን አላለፋትም። መንግሥት ሐምሌ 2007 ላይ፣ የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ለማጥፋት የገባውን ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ያለው እኮ ለጌጥ አይደለም።

ታዲያ እጮኛሽ ምን እያሰበ ይመስልሻል? እናቱ «የልጄ እጮኛ መጣች» ሲባሉ ለክፉ ቀን ያስቀመጧትን ቁና እህል እንደሚያስፈጩ ያውቃል። ያንን መናገር ደግሞ ከባድ ነው። ካፌ ቁጭ ብሎ፣ ማኪያቶ ፊቱ አድርጎ፣ «እናቴ ነሐሴ ላይ እህል ያልቅባታል» የሚል ስንት ወንድ ታውቂያለሽ?

ጥር ላይ ተራራው ገርጥቷል፣ አቧራው ያስነጥሳል፤ ለፎቶ አይመችም። ግን ጤፉም ማሽላውም ገብቷል። ጠላ ተጠምቋል፣ ሠርግ አለ፣ ነጩ የዋግ ማር ይቀርብልሻል። ሰው ጊዜ ስላለው ያጫውትሻል። ከከተማው ብዙም ሳትርቂ ከአለት የተፈለፈለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን፣ እዚያም የተቀመጡትን የደረቁ አስከሬኖች ታያለሽ። (ድንጉጥ ከሆንሽ ከውጭ ይበቃሻል።) ለዐይን መስከረምና ጥቅምት ይበልጣሉ፤ ሚያዝያና ግንቦትን ግን ተዪው፣ ተከዜ አካባቢ ያለው ቆላ ያቃጥላል።

ስለዚህ ከአሁኑ የጥርን ፈቃድ ጠይቂ። «ምን ደብቀኸኝ ነው?» አትበይው፤ «ነሐሴ ላይ ቤት ይቸገራሉ እንዴ?» በይውና ዝም ብለሽ አድምጪ። ሻደይ ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ ካልሽም ሰቆጣ ከተማ አልጋ ያዙ፤ እቤት ለግማሽ ቀን ብቅ በሉ፤ ዱቄት፣ ዘይት፣ ቡናና ስኳር ቀድሞ ይድረስ። የሚሰጠውን እሱ ይስጥ፣ አንቺ ብር አታውጪ። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ የመንገዱን ሰላም ሳታጣሩ እንዳትነሱ። አገሩ ኽምጣኛ ተናጋሪ ነውና «ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እንዴት እንደሚባል ከእሱ ተማሪ፤ ጉርሻው አይጣል ነው!

ፈቃድሽን ይዘሽ ጥር ሲደርስ «ሰኔ ይሻላል» ካለሽ ግን መልሰሽ ጻፊልኝ። ያኔ ስለ ሚስቱ እናወራለን።